የጥሪ ደብዳቤ መልክ፤ ከማኅተም እስከ ኢሜይል

ሰው ሰውን ሲጠራ ሁለት ነገር ይልካል፤ አንደኛው ቃሉ ነው፤ ሁለተኛውም ቃሉ የለበሰው መልክ ነው። ጠሪው ዘወትር የሚጨነቀው ስለ ቃሉ ነው። ተጠሪው ግን ቃሉን ከማንበቡ በፊት መልኩን ያያል፤ ባየውም መልክ ደብዳቤውን ያነበዋል ወይም ይተወዋል። በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ ሁለተኛውን ነገር ነው፤ ይኸውም የጥሪና የንግድ ማስታወቂያ ደብዳቤ መልኩ ከወረቀት እስከ ኢሜይል እንዴት እንደ ተለወጠ፣ በለውጡም ውስጥ ያልተለወጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ለማሳየት ነው። ዋና ምስክር አድርገን የምናቀርበው በ1978 በአሜሪካ አገር የተላከውን አንድ የጥሪ መልእክት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን እንዲያውቅልን እንለምናለን።

ለዚህ ጥናት ያነሣሣን ምክንያት የራሳችን ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት የተማሪዎች ማኅበራችን ለአንድ የምሽት ንግግር ጥሪ አዘጋጅቶ ነበር። ጥሪው ከዳር እስከ ዳር በሥዕል የተሠራ ሲሆን መደቡ ጥቁር፣ ፊደሉ የወርቅ መልክ ያለው፣ ዙሪያውም በሐረግ የተከበበ ነበር። ሁላችንም ወደድነው፤ በኢሜይልም ላክነው። ንግግሩ በተደረገ ማግሥት አንድ ዐይነ ስውር የክፍል ጓደኛችን መጥቶ «ከእናንተ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር፤ የሚያነብልኝ ኮምፒዩተር ግን ‹ሥዕል› ብሎ ዝም አለ፤ ለመሆኑ ምን ነበር?» ሲል ጠየቀን። የምንመልሰው አጣን። ጠርተነዋል እንዳንል አልሰማም፤ አልጠራነውም እንዳንል ስሙ በዝርዝሩ ላይ አለ። እንግዲህ «ጥሪ ደረሰ» የሚባለው መቼ ነው? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ታሪክ ተመለስን።

በብራናና በማኅተም ዘመን

የቀድሞ ጸሐፊዎቻችን ዐይንን መምራት ያውቁ ነበር። በብራና መጻሕፍት ላይ ቃልን ከቃል የሚለዩት ሁለት ነጥቦች፣ ዐረፍተ ነገርን የሚዘጉት አራት ነጥቦች፣ በመጽሐፉ መጀመሪያና በምዕራፍ መግቢያ ላይ የሚሣለው ሐረግ፣ ሁሉም ለአንባቢው «ከዚህ ጀምር፣ እዚህ ዕረፍ» የሚሉ ምልክቶች ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ግን መታሰብ የሚገባው ቀይ ቀለም ነው። ጸሐፊው ጽሑፉን በጥቁር ሲጽፍ ቈይቶ የመግቢያውን መሥመሮች፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም፣ ብዙ ጊዜም የመጽሐፉን ባለቤት ስም በቀይ ይጽፋል። ቀዩ ቀለም በየቦታው ቢረጭ ኖሮ ጌጥ ብቻ በሆነ ነበር። በጥቂት ቦታ ብቻ በመዋሉ ግን ከጌጥ አልፎ መሪ ሆነ።

በቤተ መንግሥት ደብዳቤም ላይ ይህ ሥርዓት ይታያል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1889 ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ይልኳቸው የነበሩትን ደብዳቤዎች ብንመለከት፣ ዘውድ የደፋው አንበሳ ያለበት ማኅተም የሚያርፈው ከደብዳቤው ራስ ላይ ነው። ቀጥሎ የላኪው ስምና ማዕርግ ይመጣል፤ ከዚያም «ይድረስ ከ» ተብሎ የተቀባዩ ስም ይጠራል፤ ሰላምታ ይከተላል፤ ከሰላምታ በኋላ ጉዳዩ ይገለጻል፤ በመጨረሻም ደብዳቤው የተጻፈበት ቀንና ከተማ ይጠቀሳል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ማኅተሙን አይቶ የተላከበት ከማን እንደ ሆነ ሊያውቅ ይችላል፤ የሚያነብለት ሰው ደግሞ ጉዳዩን የት እንደሚያገኘው አስቀድሞ ያውቃል።

ለሕዝብ የሚነገረው አዋጅም ቢሆን መልክ ነበረው፤ መልኩ ግን በጆሮ የሚታይ ነበር። ቃሉ ከመነገሩ በፊት ነጋሪት ይጐሰማል። ነጋሪቱ የሚናገረው ጉዳይ የለም፤ ሥራው ገበያተኛው ሁሉ ድርድሩን ትቶ ጆሮውን እንዲያቀና ማድረግ ብቻ ነው። ከዚያም ዝም ይላል፤ ቃሉ ይከተላል። ነጋሪቱ ሳያቋርጥ ቢጐሰም ኖሮ አዋጁን ማን ይሰማው ነበር?

ካርዱና አዲሱ የኅትመት ሥርዓት

ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ስንመለከት፣ የጥሪ ካርድ ከረዥም ጊዜ ጀምሮ የራሱን ሕግ አበጅቶ እናገኘዋለን። ወረቀቱ ነጭ፣ ቀለሙ ጥቁር ነው፤ ጽሑፉ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል ይዘረጋል፤ እያንዳንዱም መሥመር አንድ ነገር ብቻ ይናገራል። ጠሪው በአንድ መሥመር፣ ጉዳዩ በአንድ መሥመር፣ ቀኑ በአንድ መሥመር፣ ቦታው በአንድ መሥመር ይቀመጣል፤ ከግርጌም ተጠሪው መልሱን እንዲያስታውቅ ይጠየቃል። በ1922 በአሜሪካ የታተመው የኤሚሊ ፖስት የሥነ ሥርዓት መጽሐፍ ለእንዲህ ያለው ካርድ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። የካርዱ ክብር የመጣው ከጌጡ ብዛት አይደለም። ባዶ ቦታው ብዙ፣ ቃሉ ጥቂት ስለ ሆነ ነው።

በ1928 ጀርመናዊው ያን ቺኮልድ «አዲሱ የኅትመት ሥርዓት» የሚል ትርጉም ያለው አርእስት የሰጠውን መጽሐፉን በበርሊን አሳተመ። አሳቡም በአጭሩ እንዲህ ነበር፤ ጽሑፍን ሁሉ በመካከል መደርደር ለቅርጹ ሲባል ትርጉሙን መጉዳት ነው፤ ዋናው ነገር ጐላ፣ ተራው ነገር አነስ ብሎ፣ ዐይን በሚሄድበት መንገድ መቀመጥ አለበት። በዚያው ወቅት በጀርመን አገር የወረቀት ልክ ተወስኖ ነበር፤ ዛሬ በየቢሮው የምናየው ኤ4 የሚባለው ወረቀት የመጣው በ1922 ከወጣው ደንብ ነው። ለንግድ ደብዳቤ ይህ ትልቅ ለውጥ ሆነ፤ ደብዳቤ ቤት በመልኩ የሚደነቅ ሥዕል መሆኑ ቀርቶ ፈልጎ ለማግኘት የሚመች መሣሪያ ሆነ።

የቺኮልድ ሕይወት ግን ከዚህ አልፎ ያስተምራል። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን እንደ ያዙ ታሰረ፤ ከተፈታም በኋላ ወደ ስዊስ አገር ተሰደደ። ከ1947 እስከ 1949 በእንግሊዝ አገር የፔንግዊን መጻሕፍትን መልክ ሲያስተካክል፣ በወጣትነቱ የነቀፈውን በመካከል የመደርደር ልማድ ራሱ ሠራበት። አሳቡን የለወጠው ስለ ደከመ አይመስለንም፤ ለመጽሐፍ ገጽ የሚስማማው ለማስታወቂያ የሚስማማው እንዳልሆነ ስለ ተረዳ ነው። እኛም ከዚህ የምንይዘው፣ ለሁሉ ጊዜ የሚሆን አንድ መልክ እንደሌለ ነው። አጭር ካርድ በመካከል ቢደረደር ያምራል፤ ረዥም መልእክት በመካከል ቢደረደር ግን ዐይን በየመሥመሩ መጀመሪያውን ሲፈልግ ይደክማል።

የ1978ቱ ጥሪ

ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር መልእክት መላክ የተጀመረው በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን በሚባል መሐንዲስ እጅ ነው። መልእክቱ የሚጓዝበት መረብ አርፓኔት ይባል ነበር፤ ባለቤቱም የአሜሪካ የጦር ሚኒስቴር ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ኢሜይል ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፣ የፊደል መጠን የለው፤ ጽሑፍ ብቻ ነበር። እንግዲህ መልክ የሚባል ነገር በፍጹም የሌለው ይመስላል። ቀጥሎ የምንተርከው ታሪክ ግን ይህ ስሕተት መሆኑን ያሳያል።

በ1978 ዲጂታል የሚባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ አዲስ መሣሪያዎች አወጣ። የኩባንያው የገበያ ሠራተኛ የነበረው ጋሪ ተርክ በምዕራብ አሜሪካ ያሉትን የመረቡን ተጠቃሚዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊጠራቸው አሰበ። ከታተመው የመረቡ የስም መዝገብ ወደ 400 የሚጠጉ አድራሻዎች ተለቀሙ፤ የሥራ ባልደረባው መልእክቱን ጻፈ፤ ሜይ 3 ቀንም ተላከ። መልእክቱ በቅርብ ቀን ለሚደረጉ ሁለት ትርኢቶች የቀረበ ጥሪ ነበር። አንደኛው ሜይ 9 ቀን በሎስ አንጀለስ፣ ሁለተኛው ሜይ 11 ቀን በሳን ማቴዎ፣ ሁለቱም ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ነበሩ። የሆቴሎቹ ስም ተጽፏል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ ያላቸው ርቀትና መንገዱ ሳይቀር ተነግሯል። ከቃሉ የጐደለ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

የጐደለው መልኩ ነው። የመላኪያው ፕሮግራም ሊቀበል የሚችለው ወደ 320 የሚሆኑ አድራሻዎችን ብቻ ነበር፤ የቀሩት ሞልተው ፈሰሱና ወደ መልእክቱ አካል ገቡ። ከዚህም የተነሣ ደብዳቤውን የከፈተው ሰው መጀመሪያ ያየው የጠሪውን ጉዳይ አልነበረም፤ የማያውቃቸውን የብዙ መቶ ሰዎች አድራሻ ነበር። ያንን ሁሉ አልፎ ወደ ጥሪው ሲደርስ ደግሞ ሌላ ችግር ገጠመው። የላቲን ፊደል ታላቅና ታናሽ የሚባሉ ሁለት ቅርጾች እንዳሉት ይታወቃል፤ ጥሪው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በታላቁ ፊደል ብቻ ተጽፎ ነበር። በእርግጥ በዚያን ዘመን ከነበሩት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ታናሹን ፊደል የማያወጡ ስለ ነበሩ ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሁሉም ቃል ሲጐላ አንዱም አይጐላም፤ ቀኑና ቦታው ከቀረው ጽሑፍ ጋር አንድ ግንብ ሆነው ቆሙ።

ቁጣው ወዲያው ተነሣ። የመረቡ አስተዳዳሪዎች መረቡ ለመንግሥት ሥራ ብቻ የተፈቀደ መሆኑን አስታውሰው ተቃወሙ። ይህ ስለ ሕግ የቀረበ ተቃውሞ ነው። ለጥናታችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላው ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን መልእክቱን ራሱ ሳያይ በፊት፣ እንዲህ ያለው ነገር ብዙም እንደማያስከፋው ጽፎ ነበር። በኋላ ግን ሙሉው መልእክት ከነአድራሻው ዝርዝር ሲደርሰው ቃሉን መለሰ፤ ጉዳዩ ምንም ቢሆን፣ ራሱ እንዲህ የረዘመ መልእክት ማንም ሰው እንዲልክ ሊፈቀድለት አይገባም አለ። ልብ ብለን እንመልከት። ይህ ሰው ማስታወቂያ ስለ ተላከ አላዘነም፤ ያዘነው በመልእክቱ መልክ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ሊነሣብን ይችላል። ላኪው ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ተናገረው ጥሪው ከ10 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ሽያጭ አስገኝቷል። ታዲያ መልኩ ከተበላሸ ጥሪ ይህ ሁሉ ትርፍ ከተገኘ ስለ መልክ መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል? ክርክሩ ቀላል አይደለም። እኛ የምንሰጠው መልስ እንዲህ ነው። ተጠሪዎቹ በመረቡ የሚሠሩ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ነበሩ፤ መሣሪያዎቹም ለመረቡ እንዲስማሙ የተሠሩ ነበሩ። ስለዚህ ጉዳዩ የልባቸው ጉዳይ ነበር፤ ጉጉታቸውም ከአድራሻው ጫካ አሻገራቸው። ደግሞም በዚያ ቀን በሣጥናቸው ውስጥ ይህን የመሰለ ሌላ ጥሪ አልነበረም። የመጀመሪያው ነጋሪት ምንም ቢሰነጠቅ ይሰማል፤ መቶ ነጋሪት በአንድነት ሲጐሰም ግን የሚሰማው ድምፁ የጠራው ብቻ ነው። ዛሬ ያለነው መቶው ነጋሪት በሚጐሰምበት ዘመን ነው።

ሥዕልና ቀለም ከመጡ በኋላ

በ1992 ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ባወጡት ማይም በሚባለው ሥርዓት አማካይነት በኢሜይል ውስጥ ሥዕልና ልዩ ልዩ ቋንቋ ለመላክ መንገድ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ኢሜይል እንደ መጽሔት ገጽ አጌጠ፤ ነጋዴውም፣ ማኅበሩም፣ ሙሽራውም በዚህ ተጠቀመ።

ነገር ግን ከጌጡ ጋር አዲስ ችግር መጣ። የካርድ ጠሪ የወረቀቱ ጌታ ነው፤ እንዳሳተመው እንዲሁ ይደርሳል። የኢሜይል ጠሪ ግን የሚልከው ካርዱን አይደለም፤ የካርዱን አሠራር ነው፤ ካርዱን የሚሠራው የተቀባዩ ፕሮግራም ነው። በ2003 የወጣው አውትሉክ ባለቤቱ ካልፈቀደ በስተቀር ከውጭ የሚመጣውን ሥዕል ማሳየት ተወ፤ ምክንያቱም ላኪዎች በሥዕሉ አማካይነት ደብዳቤው መከፈቱን ይሰልሉ ነበር። የ2007ቱ አውትሉክ ደግሞ ደብዳቤውን በዎርድ ፕሮግራም ሥርዓት ማሳየት ስለ ጀመረ በልዩ ልዩ ጥበብ የተሠሩ ገጾች ተፈረካከሱ። በዚያው ዓመት አይፎን ወጣ፤ ሰው ደብዳቤውን በመዳፉ ላይ ማንበብ ጀመረ፤ ለሰፊ ጠረጴዛ የተሠራው ገጽም ጠበበ።

ከዚህም የተነሣ ሠሪዎቹ ሳይወዱ በግድ ወደ ቀድሞው ሥርዓት ተመለሱ። ጽሑፉን በአንድ ዓምድ ማውረድ፣ ዋናውን ነገር ከላይ ማስቀመጥ፣ ቀኑንና ቦታውን በሥዕል ውስጥ ሳይሆን በፊደል መጻፍ፣ ሥዕሉ ባይታይ በእርሱ ፈንታ የሚነበብ አጭር ቃል ማኖር፣ ተጠሪው እንዲያደርግ የሚፈለገውን አንድ ነገር አንድ ቦታ ላይ አጉልቶ ማሳየት የሥራው ደንብ ሆነ። በ2008 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ በተራ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ይመክራል፤ ዐይኑ የደከመ ሰው እንዲያነበው ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ2003 ያወጣው ሕግ ደግሞ የንግድ ኢሜይል አርእስቱ እንዳያታልል፣ የላኪው አድራሻ እንዲገለጽ፣ ተቀባዩም «ከእንግዲህ አትላኩልኝ» የሚልበት መንገድ እንዲኖር አዟል። ሕጉ «ማን ጠራኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ማስገደዱ፣ ከደብዳቤው ራስ ላይ ያርፍ የነበረውን ማኅተም ያሳስበናል።

ፊደላችንና የሥዕል ልማድ

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። የጥንቱ ኢሜይል የሚያውቀው 128 ምልክቶችን ብቻ ሲሆን፣ እነርሱም በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረቱ ነበሩ፤ ለፊደላችን ቦታ አልነበረውም። በ1990ዎቹ በውጭ አገር የነበሩ ኢትዮጵያውያን አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፉ ይላላኩ ነበር፤ ለዚህም ሴራ የሚባል የአጻጻፍ ሥርዓት ተዘጋጅቶ ነበር። ጥሪውን በገዛ ፊደሉ ማሳየት የፈለገ ሰው አንዱ መፍትሔ ጽሑፉን በሥዕል መልክ መላክ ነበር። ስለዚህ የሥዕል ጥሪ ልማድ ከስንፍና የመጣ ነው ማለት አይገባም፤ ፊደሉን ለማዳን የተደረገ ዘዴም ነበር።

በ1999 ግን ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደሎች መዝገብ በሦስተኛው እትሙ 345 የግዕዝ ፊደልና ምልክቶችን መዘገበ። ከዚያም ቀስ በቀስ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ፊደላችንን ማሳየት ቻሉ። ምክንያቱ አለፈ፤ ልማዱ ግን ቀረ። ዛሬም የሠርግ፣ የምርቃትና የማኅበር ጥሪ ብዙ ጊዜ በሥዕል ተሠርቶ ይላካል። በሥዕል ውስጥ ያለ ጽሑፍ ተፈልጎ አይገኝም፤ ቀኑ ተቀድቶ ወደ ማስታወሻ አይገባም፤ ለዐይነ ስውርም አይነበብም።

በአማርኛ ጥሪ ለሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ የተለዩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ፊደላችን ታላቅና ታናሽ ቅርጽ ስለሌለው፣ እንዲሁም «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው ምልክት እጅግ ትንሽ ስለ ሆነች፣ በጣም የወፈረ ፊደል በትንሽ መጠን ሲጻፍ ተደፍኖ ይጠቍራል። ለማጉላት ከማወፈር ይልቅ መጠኑን ከፍ ማድረግ፣ ዙሪያውን ባዶ መተው፣ ወይም እንደ አባቶቻችን ጥቂት ቀይ ቀለም መጠቀም ይሻላል። ሁለተኛ፣ በዋሽንግተን ላለው ዘመዳችን «በ8 ሰዓት» ስንለው የእኛን 8 ሰዓት ነው ወይስ የእርሱን? «መስከረም 2» ስንልስ በየትኛው አቈጣጠር? ይህ የቃል ጉዳይ ቢመስልም የአቀማመጥ ጉዳይም ነው፤ ሁለቱ አቈጣጠሮች ጐን ለጐን በአንድ መሥመር ካልተቀመጡ እንግዳው ድግሱ ካለቀ በኋላ ይደርሳል።

መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከትነው ታሪክ የምናገኘው ፍሬ ይህ ነው። ማኅተሙ፣ ቀዩ ቀለም፣ የካርዱ ባዶ ቦታ፣ የቺኮልድ ደንብ፣ የኢሜይሉ ዓምድ፣ ሁሉም አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ ተጠሪው «ማን ጠራኝ? ለምን? መቼ? የት?» ብሎ ሲጠይቅ ሳይደክም መልሱን እንዲያገኝ ይረዱታል። ይህን የሚያግዝ ጌጥ ሁሉ መልካም ነው፤ ይህን የሚከለክል ጌጥ ግን ምንም ቢያምር የጠሪው ኩራት ነው እንጂ የተጠሪው ክብር አይደለም። የ1978ቱ ጥሪ ሥዕል ሳይኖረው በመልኩ ተሰናከለ፤ የእኛ ጥሪ ደግሞ በሥዕሉ ውበት ተሰናከለ። ጥፋቱ ግን አንድ ነው፤ ሁለታችንም የተመለከትነው የምንልከውን ነው እንጂ የሚቀበለውን አይደለም።

ማኅበራችን በዚህ ዓመት ለመጀመሪያው ንግግር ያዘጋጀው ጥሪ ሐረጉን አልተወም፤ ከላይ በቀጭኑ አኖረው። ጠሪው፣ ጉዳዩ፣ ቀኑና አዳራሹ ግን ከሥሩ በአራት መሥመር በፊደል ተጻፉ። ከመላካችን በፊትም ወደ ዐይነ ስውሩ ጓደኛችን ሄደን በኮምፒዩተሩ አስነበብነው። እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ «አዳራሹ ስንተኛ ፎቅ እንደ ሆነ አልነገራችሁኝም» አለን። አምስተኛውን መሥመር ጨመርን።